አሥራ አራተኛው ሳጥን

ሐዋሳ፣ ከአሞራ ገደል ወዲህ፣ ሐይቁ በሚሸትበት ክፍል፣
አንዲት ቃል እንፍቃለን፣ ከአይጥ የዘር መዝገብ መሃል።
ፕሮቲኗን «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለን መልስ ስላጣን፣
እሷን ነስተን፣ የጎደለውን እንቆጥራለን፣ ሳጥን በሳጥን።

አንዷ ጣቶቿ ሳይለዩ፣ እንደ ዳክዬ እግር ተጣብቀው፤
ሌሎቹ ገና በአሥር ቀን፣ በማሕፀን ውስጥ ደርቀው።
ምስር አያህሉም። ልባቸው ለመምታት ሞክሮ ነበር፤
ያን ቀን ምሳ ዕቃዬ ሳይከፈት ገባ ሰፈር።

ሳጥን አሥራ አራት ግን፣
ምኑም አልተነካ። ጂኗ የለችም፤ አይጦቹ ይሮጣሉ፣
ጢማቸው ሙሉ፣ ጥፍራቸው ሙሉ፣ ይዋለዳሉ፣ ይናከሳሉ።
ሁለት ዓመት የለፋሁበትን፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በአንድ መስመር፣
«ለውጥ አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። አንገቴን ደፍቼ ስማረር፣

ሰጋቱራ የሚቀይረው ጋሽ ላንቃሞ ሳቀብኝ፦
«ሥራ ፈት ነበረች ያለሽ ማነው? ይልቅ አንድ ነገር ስሚኝ፤
ጎረቤቷ ናት ያነሳችላት፣ ማንም ሳይጠራት ጎንበስ ብላ፤
መዝገብሽ ላይ እሷን ጻፊያት፣ የሁለት ሰው ሸክም አዝላ።»

በግንቦት ላንቃሞ ጡረታ ወጣ። ምንም ነገር አልቆመም፤
ውሃው ይቀዳል፣ ሳጥኑ ይታጠባል፣ «ማን ጎደለ?» ያለ የለም።
እኔ ብቻ፣ አባ ኮዳ ገና ክንፉን ሳይዘረጋ፣
የሰጋቱራ ጆንያ ይዤ ወደ መደርደሪያው ስጠጋ፣
ወገቤን ይወጋኛል።
እዚህ ጋ ነበር፣ እላለሁ፤
እዚህ ጋ።