ያልተለጠፈ ቀዳዳ

ጋሽ ልየው ጎሚስታው፣ የፍኖተ ሰላም፣
ቀዳዳ ለማግኘት ዓይን አያሻውም።
ጉንጩን ጎማው ላይ አሳርፎ ያዳምጣል፣
"እቺውላት" ይላል፣ በጠመኔ ይከባል።
እምቢ ያለችውን ውኃ ሳፋ ነክሮ
አረፋ ይጠብቃል፣ እንደ ዓሣ አጥማጅ አድሮ።
እኔ ረዳቱ ነኝ፤ ክሪክ አነሣለሁ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ እጁን እያየሁ።

በግንቦት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቡሬ የመጣ
በቆሎ የጫነ አይሱዙ፣ ጎማው የተቆጣ፤
እየነፋነው ሳለ ቀለበቱ ዘሎ
አገጩን መታው።
ድምፁን ሰማሁ እንጂ ደሙን ቆይቼ ነው ያየሁት።

ባሕር ዳር ደረስን። መንጋጋው ሁለት ቦታ።
ዶክተር ሽታዬ ከቀትር እስከ ማታ
በቀጭን ብረት ገጥማ፣ በብሎን አሰረችው፣
ጥርስ ከጥርስ በሽቦ ሰፍታ ዘጋችው።
"ብሎን" ሲሉ ሰምቼ ሣቅ አለኝ በሆዴ፤
ሲነቃ "ቁጥሩ ስንት?" ብሎ ሊጠይቅ ነው፣ ጉዴ!
"አትናፈጥ" አለችው፤ "ሳል ቢመጣም በኃይል እንዳትነፋ"፤
ዕድሜውን ሲነፋ የኖረን ሰውዬ፣ "አትንፋ!"

በሁለተኛው ሌሊት ሳለ። አፉ ዝግ ነው።
መውጫ ያጣ ትንፋሽ ወዴት ነው የሚሄደው?
ሲነጋ አንገት የለም፤ አገጩና ደረቱ
አንድ ሆነው አደሩ፣ ጠፋ ድንበር ምልክቱ።
"እባብ ነው፣ እባብ ነድፎታል!" አለች ሚስቱ እናና።
እጄን ሰደድኩ ቀስ ብዬ፤ ከቆዳው ሥር፣ ገና
ጣቴ ሳያርፍ ኮሽ አለ፣
እንደ ውድማ ገለባ፣ እንደ ጨው ሲረገጥ፣
አረፋ በአረፋ ከጣቴ ሲያመልጥ።
ይሄን ነገር አውቀዋለሁ።
ያፈሳል።

እሱም ያወቀ መሰለኝ። ባበጠ ዓይኑ ሥር አሾልቆ
ጣቱን ቀስሮ ያሳየኛል፣ ከአልጋው በታች፣
የመታጠቢያውን ሳፋ።
ቀልዱ ይሁን ምሩ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ዶክተሯ ራጁን በመስኮት ብርሃን ዘረጋች፣
በልቡ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር መስመር አሳየች፦
"ይህ አየር ነው። ከመንጋጋው ተነሥቶ፣ መንገዱን ስቶ፣
በአንገቱ ቁልቁል ወርዷል፣ እስከ ደረት ገብቶ።"
(የፍኖተ ሰላሙ ሰው፣ ትንፋሹ ፍኖት ሳተ።)
"ቀዳዳው የት ነው?" አልኳት።
"አንፈልገውም" አለች።
"በምን ይለጠፋል?"
"አይለጠፍም። ሥጋው ራሱ ይዘጋዋል፣
አየሩንም ደሙ ቀስ በቀስ ይጠጣዋል።
ትንፋሽ ካጠረው ግን በሌሊትም ጥሩኝ።"
ኦክስጅን፣ መርፌ፣ መጠበቅ።

ነርሷ በእስክሪብቶ የእብጠቱን ጠርዝ ከበበች፤
የኛው ጠመኔ ሰው ገላ ላይ ወጣች።
አምስት ሌሊት ቆጠርኩ፣ ደረቱ ሲነሣ፣ ሲወድቅ፣
ነፋስና ነፍስ መሃል አንዲት "ፋ" ብቻ እንዳለች ሳውቅ።
በስድስተኛው ቀን መስመሩ
ባዶ ቆዳ ከቦ ቀረ።

አሁን ሱቁ ተከፍቷል። በግራ ጉንጩ ነው የሚያዳምጠው፣
ቀኙ ብረት አለበት።
ባለፈው የአንድ ባጃጅ ካላማዳሪ ነከርን፣
አረፋ የለም። አገላበጥን፤ የለም።
ባለቤቱ "ያፈሳል ስልህ!" ይላል፣ ቸኩሏል።
ጋሽ ልየው እጁን በጨርቅ አደረቀና
አንገቱን ዳበስ አድርጎ
"ይደር እስኪ" አለ፤
በስድስት ዓመት ውስጥ
ከአፉ ሰምቼው የማላውቀው ቃል።