ቤት አፍራሹ ጥላዬ

ጠባሴ መንደር ውስጥ፣ ከአስፋልት ገባ ብሎ፣
አንድ ቤት አገኘሁ፣ በሮዝ ተኳኩሎ።
ያ ደላላ ቁልፉን ሳያዞር በቅጡ፣
«ሦስት ገዢዎች አሉ፣ ዛሬ ነው የሚመጡ!»
ሃያ ዓመት ሙሉ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
የሰው ሌሊት ሳሞቅ፣ ብርዱ እኔን ሲለካ፣
ያጠራቀምኳት ብር፣ የእታገኝም ሐብል፣
ሮዝ ግድግዳ ላይ በአንድ ቀን ልትውል።

«መርማሪ ፈልግ» አለች እታገኝ ማታ ላይ፣
«ቀለም የሚያይ ሳይሆን፣ ከቀለም ሥር የሚያይ።»

ደላላው ፈጠነ፤ «አለኝ መሐንዲስ፣
የእህቴ ልጅ ነው፣ ለምን ትመላለስ?»
ነጭ ጫማ አድርጎ ከደጁ ቆሞ አየ፤
«ግሩም ነው» አለና ጭቃ ሳይነካው ተለየ።
በነጻ የሚያይ ዓይን ጌታ አለው ለካስ፤
ሻጭ የጋበዘው ምስክር ለገዢ አይደርስ።

ሌላው ባለ ማኅተም ከነቦርሳው መጣ፣
ዘጠኝ ገጽ ወረቀት ከኮምፒዩተር አወጣ።
«የሰገነቱ ደረጃ ጠንካራ ነው» ይላል ገጽ ሰባት።
ሰገነት? የቱ ሰገነት? ሁለት ክፍል ከነማድቤት!

አስታጥቄ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሳቀና ነገረኝ፤
«ግንበኛ የግንበኛን ጉድ ይሸፍናል» አለኝ፤
«ጥላዬን ፈልገው፣ ቤት ሲያፈርስ የኖረ፣
ከምን እንደሚሞት ያውቃል፣ ስንቱን የቀበረ።»

ጥላዬ መጣ ጎህ ሲቀድ፣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶ፣
አንዲት ብይ ከኪሱ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ አምጥቶ።
«ሂሳቤን አሁን ክፈል፣ ሳላይ፣ ሳልናገር፤
ገዛህም ተውክም ያው ነው፤ ምላሴ እንዳይታሰር።»

ብይዋን ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ለቀቃት፣
ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ ማንም ሳይነካት፤
ሄዳ ተጠግታ ቆመች ከሰሜኑ ጥግ፤
«እህ» አለ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ሐኪም ወግ።

ሮዙን ግድግዳ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፤
እዚህ ድፍን ነው፣ እዚያ እንደ ከበሮ ባዶ ነው።
ጥጉን አሸተተ።
ምሰሶውን ከሥሩ ጫር ቢያደርገው በጥፍሩ፣
እንደ ሻገተ ድፎ ተፈረፈረ እግሩ።

አጥር ላይ ተደግፎ ጎረቤቷን ጠራ፤
«እማማ ዘገዬ፣ የነሐሴ ጎርፍ በየት ነው የሚያመራ?»
በአገጫቸው ጠቆሙ ሰሜኑን ጥግ፤ «እዚያ ነው የሚያድር፤
ያለፉት ሰዎች አልጋቸውን በጡብ ነበር የሚያቆሙት፣ ከፍ አድርገው ከምድር።»

ውሃውን ከጀሪካኑ እጁ ላይ አፍስሶ ታጠበ፣
ብዙም አላሰበ፤
«መሬቱ መረሬ ነው፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲጠማ ይሰነጠቃል፤
ይኼ ሮዝ ቀለም ሁሉንም ያውቃል።
ልብህ ከወደደው ዋጋውን አስጥለህ መሠረቱን ቁፈር፤
ግዛ አልልህም፣ ተው አልልህም፣ ያየሁትን ነው የምናገር።»

«ያንተስ ቤት?» ብዬ ጠየቅሁት፣ መንገድ ስንጀምር።
«ያፈሳል» አለ፣ ሳቀ፤ «ሸክላ ሠሪ በገል አይደል?
ግን የት እንደሚያፈስ አውቃለሁ፤
ከሥሩ ሳህን አስቀምጫለሁ።»

ሮዙ ቤት ተሸጠ። ለማን እንደሆነ አልሰማሁም።
ከክረምት በኋላ ባልፍ አረንጓዴ ሆኗል፤
ሁለት ጊዜ ቆሜ አየሁት፣ አላንኳኳሁም።

ብይዋን ለእኔ ተወልኝ፤
ቤት ለማየት ስሄድ ከኪሴ አትለይም፣
ደላሎች ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ እኔ ግን አላቆምም።
ትናንት ማታ በኪራይ ክፍላችን ለቀቅኳት፣
እታገኝ እያየች፤
ተንከባለለች፣ አልጋው ሥር ገባች።
እስካሁን አልወጣችም።