በጉልበቷ ልክ

የመተማው አይሱዙ ሐሙስ ማታ ገባ፣
ከሰሊጡ ጆንያ ሥር የታሰረ ዘንባባ።
ሁለት ቀን ዘግይቶ፣ ጫፉ ጠወላልጎ፤
ረዳቱ ወረደ ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣
«ኬላ ነው» አለና ሒሳቡን ጠየቀ፤
ደብተሬን ገለጥሁት፣ ያለኝ ብር አለቀ።

ሆሣዕና እሑድ ነው።
ከበርሜል ነከርነው፣
በርጥብ ማዳበሪያ አፉን ሸፈንነው፣
ቅጠሉ ልብ እስኪገዛ ሌሊቱን ጠበቅነው።

ሙያው የእናቴ ነው፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ፣
ዱቤና ብድሩን ስደምር የምገኝ።
እናቴ ብርጓል ሜትር አትይዝም፣
ቅርጽ ማውጫ አትገዛም፤
ቀሚሷን ሰብስባ፣ ቀኝ እግሯን አጥፋ፣
ዘንባባውን ጉልበቷ ላይ ጠምዝዛ አሳልፋ፣
በጥርሷ ወጥራ፣ በአውራ ጣቷ ገፍታ፣
አንዱ ሲያልቅ ሌላውን፣ ከንጋት እስከ ማታ።
ከቀሃ ኢየሱስ እስከ ልደታ በር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በዓሉ በመጣ ቁጥር፣
ዘንባባ የታሰረ የጎንደር ግንባር
በእናቴ ጉልበት ላይ የተለካ ነበር።

አምና ግን ጉልበቷ አበጠ።
ሪህ ነው ያለም አለ፣ ብርድ ነው ያለም አለ፤
ጸበሉም ተጠጣ፣ ቅባቱም ተቀባ፣ እብጠቱ እዚያው ዋለ።
አክሊሉም አብሮ ሰፋ።
የመሪጌታው ልጅ ራስ ላይ ቢደፉት
በጆሮው ተንሸራቶ አንገቱ ላይ አረፈ፤
ደንበኛ ሳቀና ሳይገዛ አለፈ።

ባሌ አስረስ ዘንድሮ የዘይት ጣሳ አመጣ፤
«በዚህ እንጠምዝዘው፣ እኩል ነው የሚወጣ።»
እናቴ ጣሳውን አገላብጣ አየችው፣
«ጣሳ መቼ ያውቃል ተንበርክኮ?» አለችው።

ልጄ ማስተዋል ሮጣ ጉልበቷን ዘረጋች፤
ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሷ ልክ የወጣው
ከብርቱካን አይሰፋ።
ማንም ስሜን አልጠራም፤ ግን ሁሉም አየኝ።
ደብተሩ ነው ለካ ሁሌም የከለለኝ!
እስክሪብቶዬን ሰካሁ ከሹሩባዬ መሐል፣
እግሬን አጠፍሁት። ሳበችው። ቅጠል ቢላ ኖሯል።
«ያማል?»
«አያምም።»
«እንግዲያው ላልቷል» ብላ ደግማ አጠበቀች።

ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ሁለት መቶ ሞላ፤
በገመድ ሰቀልነው ከግቢው በስተኋላ፣
ወድቀን ተኛን።

የእንየው አህያ፣ ካንገረብ አሸዋ የምታመላልሰው፣
በሩን ማን ክፍት እንደተወው እንጃ፣
ጎህ ሲቀድ ስንወጣ ዓይኗን ጨፍና ታላምጣለች፤
አርባ አንድ አክሊል በልታለች።

አስረስ ዱላ አነሳ።
«ተው!» አለች እናቴ፣ «ዛሬን እንኳ ማራት፣
በዚህ በዓል ከኛ የቅርብ ዘመድ ናት።
ያኔም አነጠፉት ከእናቷ እግር ሥር፤
‹ቅመሺ› ያላት የለም፣ ‹ርገጪው› ብቻ ነበር።»
ብላ ሳቀችና፣ ሕመሟን ረስታ
ጉልበቷን በጥፊ መትታ፣
«ወይኔ!»
ሳቁም ለቅሶውም ባንድ አፍ ወጣ።
እኔም ደብተር ከፈትሁ፦
«የእንየው አህያ። አርባ አንድ አክሊል። ዱቤ።»

እሑድ ከቁስቋም ደጅ፣ አጥሩን ተደግፌ፣
ሰውን በራሱ ለየሁት፤
ሰፋ ያለው የሷ፣ ጠበቅ ያለው የኔ።
ካህናቱ የሷን ነው መርጠው የወሰዱ፣
ከጥምጣም በላይ ልክ ሆኖላቸው ሄዱ።

ሰኞ ሕማማት ገባ። ስግደት ነው።
እናቴ በርጩማ ላይ እግሯን እንደዘረጋች
«የኔንም ጨምረሽ ስገጂ» አለችኝ።
የዘንባባው ሰንበር ከጉልበቴ አልጠፋም፣
በወደቅሁ ቁጥር ይቆጠቁጠኛል፤
እሷ በጣቷ ትቆጥራለች።
ሠላሳ ዘጠኝ።
አርባ።
አርባ አንድ ላይ እጇን አነሳች፦
«በቃ። የአህያዋን ሰርዢው።»