ሰንባቿ

ናታንያ፣ ገደል አፋፍ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ማዳም ሬይሞንድ መጡ ባሕር ሊያዩ፣ ፀሐይ።
«ሁለት ሳምንት ብቻ» አሉኝ በዚያ ወራት፤
የኔ ሥራ ቁልፉ፣ ወለሉን ማጽዳት።

ነሐሴ ሲያበቃ ሻንጣ ሲሸክፉ
«ደህና ሰንብቱ!» አልኩ ቆሜ ከደጃፉ።
አማርኛ አያውቁ፤ ግን ቃል በቃል ሰሙት፣
ሰነበቱ።

ይኸው ዘጠኝ ዓመት።
ለማርሴይ ጎረቤት «ዕረፍት ላይ ነኝ» ብለው
ዛሬም ይጽፋሉ በረንዳ ተቀምጠው።
የሳቸው ዕረፍት ነው የኔ ሰኞ ሐሙስ፤
ጨው ያዘለው መስኮት በጨርቅ ሲታበስ።

እኔ ለዘላለም ብዬ ነው የመጣሁ፤
ባሕሩን እስካሁን በመስኮት ነው ያየሁ።

ትናንት ብርድ ልብስ ገዙ፣ ወፍራም፣ የጥር።
ሻንጣውን ላወጣው ብል ካልጋው ሥር
አላስነኩኝም።