በእርሳስ

ሶሃር ግድግዳው ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተከፋፍላ፤
ሙዝና ትቆጥራለች፦ አልጋ፣ ጭንብል፣ ክትባት፣ ሌላም ሌላ።
ኢንፍሉዌንዛው ገና አልመጣም፤ ዕቅዱ ግን ቀድሞት ታመመ፣
በስርዝ ድልዝ ደከመ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ።
አራተኛው አንቀጽ ላይ ብዕሬ ቆመ፦
«ያተኮሰው ሰው በክፍሉ ይቆይ፤ በሩንም ይዝጋ።»
ሩሚያ የምትተኛው ደረጃ ስር ነው፣ ከልብስ ማጠቢያው ጥግ፤
በር የላትም እንድትዘጋ።

«በር የሌላትስ?» አልኳት።
መነጽሯን አወለቀች። የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ አጓራ።
ከዚያ ካርታውን በመዳፏ ዳበሰች፣
የቤቶቹን ጣሪያ እንደምትገልጥ፣ ከስር ያሉትን በስም ልትጣራ።

አንድ አምድ ጨመርን፦ «ከደረጃ ስር»።
በእርሳስ ነው፤
ለቀለሙ የአለቃ ፊርማ ይጠበቃል።
ሩሚያን ግን ትናንት ማታ አስነጠሳት።