ከየትኛው ሰማያዊ?

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የባትላሜራ ግቢ፤
ስሙ ቢያዝን፣ ሲያዝን ግን ያላየሁት ቀለም ቀቢ፣
ኮምፕሬሰሩን አጥፍቶ፣ ጓንቱን በጥርሱ አወለቀ፤
ካሶኒው ላይ ጎንበስ አለና ዝገቱን በጥፍሩ ፋቀ።

«ምን ስትጭንበት ኖርክ?» አለኝ፤ መልስ ግን አልጠበቀም፤
ላሜራው እንደኔ አይደለም፣ አንዱንም ጭረት አልደበቀም፦
የበግ ሰኮና እዚህ፣ እዚያ የበርሜል ክብ፤
ከስፖንዳው ስር የድንች ጭቃ፣ ዝገት ወደ ውስጥ የሚስብ፤
በግራ በኩል ረጅሙን የእህቴ የሠርጓ ሣጥን ነው ያኖረው፤
ሰው እልል ሲል የላሜራው ጩኸት እኔን ብቻ የቆረቆረው።

«ጎማ ልርጭበት» አለኝ፤ «ሲረጭ ፈሳሽ፣ ሲደርቅ አለት፤
ዝገት ዓመት ደጅ ቢጠና፣ አይገባም አንዲት ዕለት።
ጥቁሩ ርካሽ ነው፤ ያየኸው ፒካፕ ሁሉ እሱን ለብሷል፤
ከገላው ጋር ላመሳስል ካልክ ግን፣ ዋጋው እጥፍ ደርሷል።»

እማዋይሽን ደወልኩላት፤
ከሽንዲ ገበያ ናት፣ ጆንያ መሃል ታስነጥሳለች፤
የፒካፑ እኩሌታ የእሷ ነው፣ በየብሩ ታስታውሰኛለች።
«ጥቁር አስረጭና ና። በርበሬ የሚገዛ ሰው ወለል አያይም» አለች።

እውነቷን ነው፤ ከጆንያ ስር ያለ ቀለም ለማን ይታያል?
ሰውስ ከልብሱ ስር ያለ ገላውን፣ ማን ያይልኛል ብሎ ይታጠባል?

«ከገላው ጋር ይመሳሰል» አልኩ። ቢያዝን ራሱን ነቀነቀ፤
የናሙና ብጣሽ ላሜራዎቹን መሬት ላይ ደረደረና ሣቀ፦
«ከየትኛው ጋር?»

እኔ አንድ ሰማያዊ ብቻ ነበር የማውቀው፤
አሥራ አንድ ዓመት «ባለ ሰማያዊው» ሲሉኝ አቤት የምለው።
እሱ ግን ጣቱን እያጠፈ ቆጠረው።
ኮፈኑ፣ ፀሐይ የመጠጠችው፣ ብዙ የታጠበ ዩኒፎርም ይመስላል፤
የቀኝ በሩ፣ ኩራር ቁልቁለት ላይ ከተጋጨን ወዲህ
ከሌላ መኪና የመጣው፣ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤
ስፖንዳው አቧራ ፍቆት አመድማ ሆኗል።
ከዚያ የነዳጁን ክዳን ከፈተ፤
ከጠርዙ ጎማ ስር፣ አንድ ጣት የምታህል፣ ፀሐይ ያላገኛት፣
ዝናብ አባርቶ ከጮቄ ወዲያ እንደሚገለጠው ያለች፣
ዓይን የምታስደነግጥ ሰማያዊ።

አባታችን የተከለውን ባሕር ዛፍ አስቆርጠን፣ ሸጠን፣
የገዛን ዕለት የነበረው ይህ ነው።
ረስቼው ነበር።

«የበሩ ምሰሶ ላይ ያለው ቁጥር ይህን ይላል። በቁጥሩ ልበጥብጠው?
ወይስ በኮፈኑ? ቀለም ስታመሳስል፣ ወንድሜ፣
መጀመሪያ ዘመኑን ነው የምትመርጠው።»

ጥላው ዞረ። ሁለት ባጃጅ ገብቶ ወጣ። እማዋይሽ ደግማ ደወለች፤ አላነሳሁም።

ቁጥሩ ዕድሜ አያውቅም፤ ክዳኑ ስር ያለው ሥራ አያውቅም፤
ወለሉ ልጅ፣ ጣሪያው ሽማግሌ፤ እንዲህ ያለ ቤት አይሞቅም።
«በኮፈኑ አድርገው» አልኩት፤ «ፀሐይ በበጠበጠችው።»
ጠብታ ነጭ፣ ጠብታ ግራጫ፤ እየቀባ፣ እያደረቀ፣
አራተኛውን ብጣሽ ኮፈኑ ላይ ሲያስቀምጠው
ዓይኔ ፈልጋ አጣችው።

«ሦስት ቀን ምንም እንዳትጭን» አለ፤ «ላዩ ቢደርቅ፣ ውስጡ ገና ነው።»
ነገርኳት። ሰምታለች።
ግን ገበያው ቅዳሜ ነው፣ በርበሬም ቀጠሮ አያውቅም፤
በሁለተኛው ቀን ማለዳ ቁልፉን ከምስማሩ አጣሁት።

ማታ ተመለሰች። ወለሉ ቀይ ዱቄት ለብሷል።
ውኃ ደፋሁበት፤ ቀዩ ሄደ፤
የጆንያው ሽመና ግን፣ ክር በክር፣ ቋጠሮ በቋጠሮ፣
ካልጠናው ጎማ ላይ ታትሞ ቀረ።
ልቆጣ አፌን ስከፍት ባትሪዋን አበራች፤
ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው፤
«ወለል አያይም» ያለችው እሷ፣ ቆማ
ብዙ ጊዜ አየችው።