ክሩ ተበጥሷል

ደንዲ ላይ ዝናቡ ከሰማይ አይወርድም፤
በጎን ይመጣና ጃንጥላ አይጋርድም።
ከባቡሩ ወርጄ አንድ ቲኬት ገዛሁ፣
ሁለት ቦታ ሚያሳይ፤ ለርካሽ ተገዛሁ።
አንደኛው መርከብ ነው፣ ከበረዶ ምድር ድኖ የተመለሰ፣
ሌላው የጁት ፋብሪካ፣ ጭሱን የጨረሰ።
ዝናቡ መርጦልኝ ወደ ጁቱ ነዳኝ፤
የአስጎብኚዋ የሮና ፎጣ ነው የረዳኝ።

«ይኼ ጁት ነው» አለች፣ እፍኝ ቃጫ አንስታ፣
እንደ ፈረስ ጭራ በአየር ላይ ዘርግታ፤
«ከቤንጋል ተጭኖ፣ ባሕር ተሻግሮ፣
በዓሣ ነባሪ ዘይት ለስልሶ፣ ተበጥሮ፣
ጆንያ ይሆናል።»
                ጆንያ!
ዕድሜ ልኬን እኔ አፉን ስሰፋበት፣
አላሰብኩም ነበር አገር እንዳለበት።

ሴት በርካሽ ተቀጥራ ወንድ ከሥራ ወረደ፤
ሚስት ከማሽን ስትውል ባል ማንቆርቆሪያ ጣደ፤
«ውሃ አፍሊ» የሚል ስም በዚያው ተወለደ።
«አባቴን ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ቆባቸውን አውልቀው፤
«ሾርባው ግን —» ብለው ተዉት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«ጩኸቱ» አለች ሮና፣ «ጆሮ ይበላ ነበር፤
ሴቶቹም ለመዱ በከንፈር መነጋገር፤
ሐሜቱ፣ እርግዝናው፣ የዱቤው ጉዳይ፣
ከዳር ዳር ያልፍ ነበር፣ ተጽፎ ከንፈር ላይ።»

ከኋላችን፣ ወንበራቸው ጎማ ያለው፣
ዩፌሚያ አሉ፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸውን የሸፈነው።
ልጃቸው ካትሪና ደጋግማ ይቅርታ ትላለች፤
«አትሰማም። አታወራም። ድሮ ሸማኔ ነበረች፤
የሠራችበት ፎቅ አፓርታማ ሆኗል፤
ዛሬ በልደቷ ዘጠና ሁለት ሞልቷታል።»

ሮና ቁልፉን ጫነች።
                ብረቱ ተነሣ።
ወለሉ፣ ጥርሴ፣ የኪሴ ሳንቲም ሳይቀር ተንጫጫ፣ አገሣ፤
የትምህርት ቤት ልጆች ጆሯቸውን ደፍነው፣
አፋቸውን ከፍተው ሳቁ፤ ማንስ ሊሰማው?

ያኔ ነው የዩፌሚያ ከንፈር የተነቃነቀው፤
ካትሪና ጎንበስ አለች፤ አንድ ቃል አልወጣው።
ሮና ግን ከማዶ፣ አሥር እርምጃ ርቃ፣
ማሽኑን አቆመች፣ ጉሮሮውን አንቃ።

ጸጥታው ከበደን።
                «ክሩ ተበጥሷል፣ አሉኝ» አለች ሮና፤
«እናቴም በእራት ላይ ጨው ስትጠይቀኝ፣ እንዲህ ነበረችና።»
መነጽሯን አድርጋ ከሺህ ክር መካከል ጎንበስ ብላ ዳሰሰች፤
ከግራ ጠርዝ በኩል፣ እውነትም፣ አንዲቷ ተበጥሳለች።

«አትንኩ» የሚለውን ገመድ ፈታች፣ የራሷን ደንብ ጥሳ፣
ወንበሩን ገፋችው። የዩፌሚያ እጅ ተነሣ፣
ክሩን በክር አጥምዶ፣ ቋጥሮ፣ ጫፉን ቆረጠው፤
ይኼ ሁሉ የፈጀው አንድ ማስነጠስ ነው።
«ስሜን ረስታ» አለች ካትሪና፣ «ይኼን አልረሳችም።»
ሌላ አልጨመረችም።

ከሰዓት መርከቡ ላይ ብዙ ነገር አየሁ፦
የአሳሾች ጫማ፣ የደረቀ ብስኩት፤ ግን አልቆየሁ።
ድንች ጥብሴን የባሕር ወፍ ከነወረቀቱ ነጠቀኝ።
ጃንጥላዬም ተገለበጠ፤ ንፋሱ አሳቀቀኝ።
ሎው ከሚሉት ኮረብታ ላይ ቁልቁል ወንዙን ቃኘሁት፤
ድልድዩን አንድ ባቡር ሲሰፋው፣ እንደ መርፌ አየሁት።

ማታ ወደ ጣቢያው ስሄድ፣ መንገድ ዳር ቆሜ፣
ቀይ መብራት ባገተው ታክሲ ውስጥ ዩፌሚያን አየሁ ደግሜ።
ዓይናቸው ዓይኔ ላይ። ከንፈራቸው ተላወሰ፤
አጭር ነገር ነበር፤ መስታወቱም በዝናብ የራሰ።
እሺ አልኩ፣ በአንገቴ። አረንጓዴው በራ።
ጨው ነው? ክር ነው? ወይስ የጃንጥላዬ ኪሳራ?
ታክሲው ታጠፈ፣ ወደ ግራ።